ለሐኪሙ እውነቱን መናገር የፈራ ታካሚ



የዛሬው ርዕስ ከደም ግፊትና ከጨጓራ ለየት ይላል። ገና ሲጀምር «ዶክተር፣ አንተም ጀመርክ እንዴ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ተቆጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ገጽ ከከፈትኩ ጀምሮ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች መካከል ስምም ፎቶም የሌላቸው፣ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ የሚላኩ አሉ። አጻጻፋቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፦ «ወንድ ነኝ፣ የምሳበው ግን ለወንድ ነው፤ በሽታ ነው ወይ?» ሁለተኛው፦ «መድኃኒት አለው ወይ?» ሦስተኛው፦ «ሐኪም ጋ ሄጄ ብናገር ለፖሊስ ይሰጠኛል ወይ?» ከሴቶችም ይመጣል፤ ጥያቄው ያው ነው።

እስካሁን አንድ በአንድ ስመልስ ነበር። ዛሬ በአደባባይ ልመልስ። ምክንያቱም ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ባለማግኘቱ ሰው ቤቱ ተቀምጦ እየታመመ ነው። ታክሞ የሚድን በሽታ ይዞ፣ ክሊኒክ በር ላይ ደርሶ የሚመለስ ሰው አለ።

በሃይማኖት ጉዳይ አልገባም፤ የእኔ ሥራ አይደለም። የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ከቆሙበት ከመርካቶ የሚመጣ ታካሚ ነው የማየው። ኪዳን አድርሶ የሚመጣም፣ ሶላቱን ሰግዶ የሚመጣም አለ። ሁሉም እኔ ፊት ሲቀመጥ ታካሚ ነው። የምጽፈው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ቅድሚያ የተደባለቀውን እንለይ

በእኛ አገር በዚህ ጉዳይ ወሬ ሲነሳ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

የመጀመሪያው ለተመሳሳይ ፆታ መሳብ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ልቡ ወደ ራሱ ፆታ ሲያደላ ማለት ነው። የሕግ መጽሐፋችን ድርጊቱን «ግብረ ሰዶም» ይለዋል፤ የመንገድ ላይ ስድቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ያሉ እንዲህ ዓይነት ወንዶች ግን እርስ በርስ «ዜጋ» ይባባላሉ። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማው ደንቆኝ ነበር። ስድብም ሳይሆን፣ ከውጭ የመጣ ስምም ሳይሆን፣ «እኔም እኮ የዚህ አገር ሰው ነኝ» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ሕፃናትን መድፈር ነው። ይህ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ከገጠር መጥተው አውቶቡስ ተራ የሚወርዱ፣ ሸራ ስር የሚያድሩ ወንድ ልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት አለ፤ እውነት ነው፤ ዘግናኝም ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 631 መሠረት ዕድሜው ከ13 እስከ 18 በሆነ ልጅ ላይ የተፈጸመ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የተፈጸመ ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይገባዋልም። ነገር ግን ሴት ሕፃን ስትደፈር «ሴት የሚወድ ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው» አንልም። የደፈረው ደፋሪ ነው እንላለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ሁለቱን ስናደባልቅ ደፋሪው ይመቸዋል፣ የተደፈረው ልጅ ደግሞ «ከእነሱ አንዱ ነህ» እንዳይባል አፉን ይዘጋል።

ልጅ ተደፍሮ ካገኛችሁ አትጠቡት፣ ልብሱን አትቀይሩ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል አድርሱት። ኤችአይቪ እንዳይዘው የሚሰጠው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም፤ ቶሎ ከተጀመረ ለ28 ቀን ይወሰዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕግ ጉዳዩን አንድ ቦታ ላይ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

ሦስተኛው ፆታው በውል ሳይለይ የሚወለድ ሕፃን ነው። በተለምዶ «ፍናፍንት» የምንለው። ይህ የሆርሞን ወይም የክሮሞሶም ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨው ከሰውነት አስወጥቶ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የልጃችሁ የመራቢያ አካል ግራ ካጋባችሁ ደብቃችሁ አትያዙት፤ በተለይ ካስታወከና ከደከመ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከእነዚህ ሌላ ደግሞ በወንድ ወይም በሴት አካል ተወልዶ ውስጡ ሌላውን ፆታ የሚሰማው ሰው አለ። ስለዚህ ወረድ ብዬ አነሳለሁ።

ጥያቄ 1፦ በሽታ ነው ወይ?

አይደለም። ይህ የእኔ አስተያየት አይደለም፤ ሙያው የደረሰበት ነው። ግን በአንድ ቀን አልደረሰበትም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው የመጀመሪያ የአእምሮ ሕመሞች መዝገቡ ለተመሳሳይ ፆታ መሳብን ከሕመሞች ተርታ መድቦት ነበር። ሐኪሞች የሚያዩት ሆስፒታል የመጣውን ብቻ ስለነበር፣ የመጣው ደግሞ የተጨነቀው ስለነበር፣ ሁሉም የታመመ መሰላቸው። ሆስፒታል ያልመጡትንም ማጥናት ሲጀመር፣ ሥራውን የሚሠራ፣ ጓደኛ ያለው፣ እንቅልፉን የሚተኛ ሰው ተገኘ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1973 ከመዝገቡ አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1990) ከበሽታዎች ዝርዝር ሰረዘው።

ከላይ ያነሳሁት፣ ከአካሉ የተለየ ፆታ የሚሰማው ሰውም ጉዳይ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው ምደባ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቶ ከጾታዊ ጤና ጉዳዮች ጋር ተመድቧል። ከዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ያልተሰረዘው ሕክምና የሚፈልገው ሰው ሕክምና እንዳያጣ ነው።

«ታዲያ ከየት ይመጣል?» ለምትሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ470 ሺህ በላይ ሰዎችን ዘረ መል የመረመረ ጥናት ታትሟል። ያገኘው «የተመሳሳይ ፆታ ጂን» የሚባል አንድ ነጠላ ጂን እንደሌለ ነው። ብዙ ትንንሽ የዘር ተጽዕኖዎችና ሌሎች ምክንያቶች ተደማምረው ነው። ሰው ቀኝ እጁን ወይ ግራ እጁን እንደሚያስቀድመው በሉት፤ ማንም ቁጭ ብሎ አልመረጠውም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

ጥያቄ 2፦ መድኃኒት አለው ወይ?

በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት የለውም። ግን «መድኃኒት» ተብሎ ያልተሞከረ ነገር የለም፤ ውጤቱም መታወቅ አለበት።

አለን ቱሪንግ የሚባለውን እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ በእጃችሁ ለያዛችሁት ስልክ መሠረት የሆነውን ሐሳብ ካፈለቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በዚሁ ጉዳይ ተከሶ እስር ቤት ወይም የሆርሞን መርፌ ምረጥ ተባለ። መርፌውን መረጠ። በ1954፣ ገና 41 ዓመቱ፣ ሞተ። አገሩ ይቅርታ ያደረገችለት በ2013 ነው። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ንዝረትም ተሞክሯል፣ ማስታወክን የሚያመጣ መድኃኒትም ተሞክሯል። ፍላጎቱን የቀየረ የለም፤ ያቆሰለው ግን ብዙ ነው።

ሮበርት ስፒትዘር የሚባሉ ታዋቂ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2003 «አንዳንዶች በምክር ይለወጣሉ» የሚል ጥናት አሳትመው ነበር። ብዙ ቤተሰብ እሱን ይዞ ልጁን አስጨነቀ። በ2012 ሐኪሙ ራሳቸው ጥናቱ ያንን እንደማያሳይ አምነው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ሁለት «መድኃኒቶች» አሉ። አንዱ ጸበል ነው። ጸበል የሚሄድን ሰው አልከለክልም፤ የእምነት መብቱ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጀመራችሁትን መድኃኒት ለጸበል ብላችሁ አታቋርጡ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረው ነበር፤ ያ ምክር ብዙ ሰው አትርፏል። ልጅን አስሮ፣ አስርቦ፣ ገርፎ «ማስለቀቅ» ግን ሕክምናም አይደለም፣ እምነትም አይመስለኝም።

ሌላው «መድኃኒት» ጋብቻ ነው። «ሚስት ይምጣለት፣ ይተወዋል» ይባላል። አይተወውም። በዚህ ላይ ምንም የማታውቅ አንዲት ልጅ ሕይወቷን ሙሉ «ምን አጠፋሁ? ለምን አይወደኝም?» እያለች ትኖራለች። ሴቷንም ያለ ፍላጎቷ ድሮ ማስቀመጥ ያው ነው። በእንቅልፍ ማጣት፣ በራስ ምታትና በጨጓራ ክሊኒክ ስትመላለስ የከረመች ታካሚ ነበረችኝ። ኢንዶስኮፒዋ ንጹሕ፣ ደሟ ንጹሕ። አራተኛው ቀጠሮ ላይ ነው ወረቀት ጠይቃ፣ በአፏ መናገር ያቃታትን በሁለት መስመር ጽፋ የሰጠችኝ። ሠርጓ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ ከታች ባለውም ታሪክ እንደዚሁ።)

ጥያቄ 3፦ ሐኪም ለፖሊስ ይሰጠኛል ወይ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሙያዬን የሚነካውን ያህል ግን አንብቤዋለሁ።

አዎ፣ ድርጊቱ በአገራችን ወንጀል ነው። በ1949ኙም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወንጀል ነበር፣ በ1996ቱም አንቀጽ 629 ወንጀል ነው። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ኃይል ወይም ማስገደድ ካለበት እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ይህን አልደብቃችሁም።

እዚያው ሕግ ውስጥ ግን አንቀጽ 399 አለ። ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በአቤቱታ ይቀጣል ይላል። ወንጀልን አለማሳወቅን የሚቀጣው አንቀጽ 443 ደግሞ በዋናነት የሚመለከተው የሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስከትሉ ወንጀሎችን ነው። ሁለት አዋቂ ሰዎች በፈቃዳቸው ያደረጉት ነገር እዚያ ውስጥ አይገባም። በሌላ አነጋገር፣ የነገርከኝን ለፖሊስ የማድረስ ግዴታ የለብኝም፤ ምስጢርህን የመጠበቅ ግዴታ ግን አለብኝ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሐኪም በምርመራ ያውቅብኛል» ብለው የሚፈሩ አሉ። አያውቅም። አንድ ሰው ለማን እንደሚሳብ የሚያሳይ የደምም የአካልም ምርመራ የለም። በአንዳንድ አገሮች ፖሊስ ተጠርጣሪን ሐኪም ጋ አምጥቶ ፊንጢጣውን በግድ ያስመረምራል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ይህን ድርጊት እ.ኤ.አ. በ2017 አውግዟል፤ ሳይንሳዊ ዋጋ የለውም፣ ሰውን ማዋረድ ነው። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2018 ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወስኗል። ለሥራ ባልደረቦቼ፦ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢመጣ መልሳችን «አይሆንም» ነው።

የተደፈረ አዋቂ ወንድም ሐኪም ጋ መምጣት አለበት። ሕጋችን በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚያወራው ተጎጂዋ ሴት ስትሆን ነው። ስለዚህ ብዙ ወንድ «ብናገር እኔው እከሰሳለሁ» ብሎ ቁስሉን ይዞ ይቀመጣል። አንተ ተጎጂ ነህ። በ72 ሰዓት ውስጥ ና።

ዝምታው ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

አንድ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ ሃያዎቹ ውስጥ። ሲቀመጥ ያመዋል፣ ሲጸዳዳ ደምና ፈሳሽ ያያል። ፋርማሲ ሄዶ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባት ገዛ። አልተሻለውም። ሌላ ፋርማሲ፣ ሌላ ቅባት። ከዚያ የባህል መድኃኒት። አምስት ወር ሆነው። ሰው የመከረው ሁሉ የነገራቸውን በሽታ ነው ያከመለት፤ እሱ ደግሞ ዋናውን ነገር አልነገራቸውም። እኔ ጋ ሲመጣ «ግንኙነት የምታደርገው ከሴት ጋ ነው፣ ከወንድ ጋ ነው ወይስ ከሁለቱም?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ለማንም ታካሚ እንደምጠይቀው፣ ዕድሜ እንደምጠይቅበት ድምፅ። ረጅም ዝም አለ። ከዚያ መለሰ። ምርመራው ቂጥኝና ጨብጥ አሳየ። ሁለቱም የሚድኑ ናቸው፤ በመርፌና በክኒን ዳነ። አምስት ወር የተሠቃየው አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁና አንድ መልስ ባለመመለሱ ነው።

ዳነ፤ ዕድለኛ ነበር። ኤችአይቪ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ቁጥሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ኮንዶም በሌለበት፣ ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋ በሚደረግ ግንኙነት፣ በፊንጢጣ በኩል ተቀባይ የሆነ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ10 ሺህ 138 ያህል ነው። በብልት በኩል ተቀባይ የሆነች ሴት ከ10 ሺህ 8 ያህል ነው። ልዩነቱ 17 እጥፍ አካባቢ ነው። ምክንያቱ የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ስለሆነ፣ ቶሎ ስለሚላጥ፣ ራሱን የሚያለሰልስበት ፈሳሽም ስለሌለው ነው። ይህ ለወንድም ለሴትም ይሠራል። «ድንግልናዬን ልጠብቅ» ብለው በዚያ በኩል የሚያደርጉ ሴቶች ስላሉ ለእነሱም ነው የምናገረው።

ግን ባለፉት ዓመታት ያየናቸው የኤድስ ፖስተሮች ላይ ያለው ማን ነው? አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ይህን ብቻ እያየ ያደገ ልጅ «ከወንድ ጋ ከሆነ አይመለከተኝም» ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ማኅበረሰብ ምሁር ጌትነት ታደለ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸውን የአዲስ አበባ ወንዶች አናግረው የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ታትሟል። ሰዎቹ አሉ፣ እኛው መካከል ናቸው፣ መልእክቱ ግን ለእነሱ አልተጻፈም።

ስለዚህ መልእክቱን እኔ ልጻፍላችሁ፦

– ኮንዶም ሁልጊዜ። ከውሃ የተሠራ ማለስለሻ ብቻ ተጠቀሙ። ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የፀጉር ቅባት ኮንዶሙን ይቀድዱታል።
– በየ3 ወሩ፣ ካልሆነም በየ6 ወሩ ኤችአይቪና ቂጥኝ ተመርመሩ።
– የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ውሰዱ።
– ቫይረሱ ካለባችሁ መድኃኒቱን ዛሬ ጀምሩ። ነጻ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ከማይታይበት ደረጃ ሲደርስ፣ ኮንዶም በሌለበት 76 ሺህ ያህል ግንኙነት ውስጥ ለጓደኛው ያስተላለፈው ቁጥር ዜሮ ነው። ዜሮ!
– በፊንጢጣ በኩል ሕመም፣ ደም፣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ካያችሁ ቅባት አትግዙ፤ ተመርመሩ።

ሐኪሙ ፊት እንዴት ልናገረው ለምትሉ ደግሞ፦ የማንንም ስም መጥራት አይጠበቅባችሁም። «በኋላ በኩል ግንኙነት አለኝ» ማለት ብቻ በቂ ነው። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት የትኛውን አካል እንደሚመረምር ነው። «ይህ ካርዴ ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብላችሁ መጠየቅም መብታችሁ ነው።

የት ደረስን? ምን ቀረን?

አፍሪካ ውስጥ ነገሩ ወደ ሁለት አቅጣጫ እየሄደ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1996ቱ ሕገ መንግሥቷ ጀምሮ መድልዎን ከልክላለች፤ ከ2006 ጀምሮ ጋብቻውንም ፈቅዳለች። ሞዛምቢክ በ2015፣ አንጎላ በ2021 በአዲስ የወንጀል ሕግ፣ ቦትስዋና በ2019 በፍርድ ቤት፣ ሞሪሺየስ በ2023፣ ናሚቢያ በ2024 ቅጣቱን አንስተዋል (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው)። በሌላ በኩል ኡጋንዳ በ2023 በአንዳንድ ሁኔታ ሞት ድረስ የሚቀጣ ሕግ አወጣች።

እኛስ? በኅዳር 2004 ዓ.ም አዲስ አበባ የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤን አስተናግዳ ነበር። ከጉባኤው ቀደም ብሎ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ጤና ላይ የተዘጋጀው ስብሰባ ከሃይማኖት አባቶች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ2006 ዓ.ም ይህን ድርጊት ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች ዝርዝር ለማስገባት ሐሳብ ቀርቦ መንግሥት ተወው፤ ታቅዶ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ቀረ። በ2011 ዓ.ም ቶቶ ቱርስ የተባለ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ላሊበላን ጨምሮ ጉብኝት ማቀዱ ሲሰማ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጥሪ አቀረበ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «ግደሏቸው» ሲባል ነበር፤ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ይህን አደጋ በይፋ አሳውቋል።

ጤናውስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የኤችአይቪ ስርጭት በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ነበር። ትልቅ ድል ነው። ግን በሽታ ሲቀንስ የሚደበቀው ማንም ያልደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የነበረው ብሔራዊ ዕቅድ የወሲብ ንግድ ላይ ያሉ ሴቶችን፣ ታራሚዎችን፣ የረጅም ርቀት ሹፌሮችን ዘርዝሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ለብቻቸው እንዲታዩ ከሚላቸው አምስት ቡድኖች አንዱ የሆኑትን፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች ግን አላካተተም። ያልተዘረዘረ ሰው በጀት የለውም፣ ፖስተር የለውም፣ የሠለጠነ ነርስ የለውም።

«አይለወጥም» አትበሉኝ። ኤችአይቪን ራሱን አስታውሱ። ያኔ «አመንምን» እያልን፣ የበላበትን ሳህን ለብቻ እያስቀመጥን፣ ሬሳውን ለመገነዝ እየፈራን ነበር። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው በ1990 ዓ.ም አካባቢ ተስፋ ጎህ ብለው ማኅበር መሠረቱ፤ ፊታቸውን አሳዩ። ነርሷ ምስጢር ጠበቀች፣ ቄሱ «መድኃኒትህን ውሰድ» አለ፣ እናት ልጇን አቀፈች። ሕዝቡ እምነቱን አልቀየረም፤ ለታመመ ሰው ያለውን ዓይን ነው የቀየረው። እዚህም የምጠይቀው ከዚያ የበለጠ አይደለም።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ይህን ከነገራችሁ፣ የነገራችሁ አምኗችሁ ነው። በዚያች ሰዓት የምትሉት ቃል ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። የምትሉት ቢጠፋችሁ «ልጄ ነህ፣ ዛሬ አብረን እንደር» በሉ። ከቤት የተባረረ የ17 ዓመት ልጅ የሚያድርበትን ቦታ እኛ መርካቶ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ቀልድ አይደለም፤ ብቻውን አትተዉት፣ ያን ቀን ሐኪም ጋ አምጡት።

ለጤና ባለሙያዎች፦ ሁሉንም ታካሚ እኩል ጠይቁ፣ በር ዝጉ፣ ተራ የያዙት እንዳይሰሙ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በሻይ ሰዓት ደግሞ የታካሚ ወሬ አታውሩ። ሰፈሩ ትንሽ ነው። አንድ ሰው ተክለ ሃይማኖት የተናገረው ከሰዓት አውቶቡስ ተራ ይደርሳል።

ይህን ላነበባችሁ ሁሉ፦ በሐሳቡ ባትስማሙ ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ፤ እኔን ስደቡኝ፣ እችለዋለሁ። የማንንም ሰው ስም፣ ፎቶ፣ ሰፈር ወይም ስልክ ግን አትጻፉ። አጠፋዋለሁ፣ የጻፈውንም ከገጹ አስወጣለሁ። አንድ ስም መለጠፍ በዚህች ከተማ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

በውስጥ መስመር ልትጽፉልኝ ለምትፈልጉ፣ ስም አልጠይቅም። ሕመሙ የት እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ።